ሰው አልፈራም፣ ሰው ይደክመኛል፦ የሁለት አቅራቢዎች የጉዳይ ጥናት

ዘጠኝ ወር የለፋንበትን ሥራ በ20 ደቂቃ ማቅረብ ነበረብን። ቡድናችን ሰባት ሰው ነው፤ የምመራው እኔ ነኝ። «ማን ያቅርብ?» የሚለው ጥያቄ ሲነሳ ለመወሰን ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። የአንዱን ስም ጠራሁ፣ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፣ ወደ ሌላ አጀንዳ አለፍን። እዚህ የምጽፈው በዚያች ግማሽ ደቂቃ ስለሠራሁት ስህተትና ስህተቱ ኋላ ላይ ስላሳየኝ ነገር ነው።

የባልደረቦቼን ስም አልጠቅስም። አንዱን ተግባቢው፣ ሌላዋን ቁጥቧ እያልኩ እጠራቸዋለሁ። በተለመደው አነጋገር እሱ ኤክስትሮቨርት ነው፣ እሷ ኢንትሮቨርት ናት። ሁለቱም ስለ ራሳቸው የሚሉት ይህንኑ ነው፤ እኔ የለጠፍኩባቸው ስም አይደለም።

ሁለቱ ሰዎች

ተግባቢው ሰው የሚወደው ልጅ ነው። ቢሮ ሲገባ ድምፁ ይቀድመዋል። ከጥበቃ ሠራተኛው እስከ ዋና ኃላፊው የማያውቀው ሰው የለም። ስብሰባ ላይ ፀጥታ ሲሰፍን የሚሰብረው እሱ ነው። ሐሳቡ የሚጠራለት ደግሞ እያወራ ነው። ሲጀምር ግማሽ ሐሳብ ይይዛል፤ አውርቶ ሲጨርስ ሐሳቡ ሙሉ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ቁጥቧ ጠዋት በጊዜ ትገባለች፣ የጆሮ ማዳመጫዋን ታደርጋለች፣ ሥራዋን ትጀምራለች። ስብሰባ ላይ ካልጠየቋት አትናገርም። ስትናገርም ሁለት ዓረፍተ ነገር ብትል ነው። ስብሰባው ካለቀ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ከእሷ ኢሜይል ይመጣልኛል። እዚያ ኢሜይል ውስጥ ሁላችንም ስንዞረው የዋልነው ነገር በአራት መስመር ተቀምጦ አገኘዋለሁ።

ሥራችን ከደንበኛ የሚመጣ ማመልከቻ ከገባ በኋላ የት እንደሚቆም ማወቅ ነበር። ማመልከቻ ጠፋ የሚል ቅሬታ በዝቶ ነበር። ስንከታተለው አብዛኛው አልጠፋም፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል። ይህን ያወጣችው ቁጥቧ ናት። ማመልከቻዎቹን አንድ በአንድ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ተከትላ፣ የገቡበትንና የወጡበትን ቀን መዝግባ ነው ያገኘችው። ተግባቢውም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ሠራተኞቹ ለምን እንደሚያዘገዩ በግልጽ የነገሩት ለእሱ ነው። ለሌሎቻችን «ምንም ችግር የለም» ያሉ ሰዎች ለእሱ ሆዳቸውን ዘረገፉለት።

ምርጫው

እሷን ለአቅራቢነት ያሰባት ሰው አልነበረም። እኔም አላሰብኳትም። ዓይን አፋር ናት ብዬ ነበር የማምነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ስህተቱ ያለው ከዚህች ቃል ውስጥ ነውና። በአማርኛ ዝም ያለ ሰው ስናይ «ዓይን አፋር» እንላለን። ቃሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ጠቅልሎ ይይዛል። አንደኛው ሰው ፊት መቆምን መፍራት ነው። ሁለተኛው ከሰው ጋር ብዙ መዋል የማይመቸው፣ ብቻውን ሲሆን ኃይሉ የሚመለስለት ዓይነት ሰው መሆን ነው። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1921 ኢንትሮቨርትና ኤክስትሮቨርት የሚሉትን ቃላት ሲያስፋፋ የሚያወራው ስለ ፍርሃት አልነበረም። የሰው ትኩረትና ጉልበት ወደ ውስጥ ነው ወይስ ወደ ውጭ የሚያዘነብለው የሚለው ነበር ጥያቄው። ፍርሃቱ ሌላ ጉዳይ ነው። አሜሪካዊው የኮሙኒኬሽን ተመራማሪ ጄምስ ማክሮስኪ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ያጠናው ይህን ፍርሃት ነው። የመናገር ፍርሃትን የሚለካ ባለ 24 ጥያቄ መጠይቅም አዘጋጅቷል። መጠይቁ በአራት ቦታ ያለውን ፍርሃት ለየብቻ ይለካል፦ በቡድን ውይይት፣ በስብሰባ፣ ፊት ለፊት በሚደረግ ጭውውትና በሕዝብ ፊት በሚደረግ ንግግር። ፍርሃቱና ቁጥብነቱ ዝምድና አላቸው፤ ቁጥብ ሰዎች መካከል የሚፈሩት በዛ ይላሉ። ግን አንድ አይደሉም። ቁጥብ ሆኖ የማይፈራ አለ። ተጫዋች ሆኖ መድረክ ላይ ጉልበቱ የሚንቀጠቀጥም አለ።

ይህን ያኔ አላውቅም ነበር። የማውቀው ተግባቢው ጥሩ እንደሚናገር ነው። ቀድሞ የሚናገርና ዘና ብሎ የሚናገር ሰው የሚያውቅ ይመስለናል። ተመራማሪዎቹ ካሜሮን አንደርሰንና ጋቪን ኪልደፍ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት የማይተዋወቁ ሰዎችን በቡድን አድርገው የሒሳብ ጥያቄ ሰጧቸው። ደፋር ደፋሮቹ በባልደረቦቻቸው ዘንድ ችሎታ ያላቸው ተብለው ተገመቱ። መልሳቸው ግን ከሌላው የተሻለ አልነበረም። ከጥያቄዎቹ 94 በመቶው ላይ ቡድኑ የመጨረሻ መልስ አድርጎ የያዘው መጀመሪያ የተነገረውን ነው። እኔም የሠራሁት ይህንኑ ነው። ተረቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» ይሉናል፣ «በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ» ይሉናል። ሰው ስንመርጥ ግን የምንመርጠው ተናጋሪውን ነው።

የመጀመሪያው ቀን

ታዳሚዎቹ 12 ሰዎች ነበሩ። 20 ደቂቃ ገለጻ፣ 15 ደቂቃ ጥያቄና መልስ። ስላይዱ 16 ገጽ ሲሆን ያዘጋጀችው ቁጥቧ ናት። ተግባቢውን ከሁለት ቀን በፊት «እንለማመድ» አልኩት። «አታስብ ወንድሜ፣ እኔ ስቆም ይመጣልኛል» አለኝ። አመንኩት።

አጀማመሩ ግሩም ነበር፤ አሁንም ሳስበው ደስ ይለኛል። ስላይዱን ሳይከፍት አንዲት አመልካች ሴት ለስድስተኛ ጊዜ መጥታ ምን እንዳለችው ተናገረ። ክፍሉ ፀጥ አለ። ስልኩን ሲነካካ የነበረ ሰው ስልኩን ደፍቶ አስቀመጠ። አምስት ደቂቃ ሙሉ እንዲህ ሄደ።

ሰባተኛው ደቂቃ ላይ አንድ አዛውንት የኮሚቴ አባል እጃቸውን አወጡ። «ከዘገዩት ውስጥ ስንቱ ነው ሲገባ የዘገየው፣ ስንቱስ ነው ከክፍል ወደ ክፍል ሲተላለፍ የዘገየው?» አሉት። መልሱ ስላይድ 11 ላይ አለ። ተግባቢው ፈገግ አለና «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ። ከዚያ አንድ ታሪክ አመጣ። ታሪኩ ሌላ ታሪክ አስታወሰው። አዛውንቱ በትዕግሥት አዳመጡና «እሺ፣ ቁጥሩስ?» አሉ። እሱም እንደገና ሌላ ነገር ጀመረ።

ከጎኔ የተቀመጠችው ቁጥቧ ማስታወሻዋ ጥግ ላይ ሁለት ቁጥር ጻፈችና ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። ምን ላድርገው? ተነስቼ ልስጠው? ባለሁበት ደረቅሁ።

20 ደቂቃው ሲያልቅ ስላይድ 9 ላይ ነበርን። ሰብሳቢዋ በጨዋነት አስቆሙት። ምክራችን ያለው ስላይድ 14 ላይ ነው፤ አልታየም። ውሳኔው አንድ መስመር ነበር፦ «ተሟልቶ በድጋሚ ይቅረብ።» ሦስት ሳምንት ሰጡን።

ከዚያ በኋላ የሰማሁት

በማግስቱ ተግባቢውን ለብቻው አገኘሁት። ሊያስተባብል መስሎኝ ነበር። እሱ ግን «ሌሊቱን አልተኛሁም ነበር እኮ» አለኝ። «የትኛውን ሌሊት?» አልኩት። «ከዝግጅቱ በፊት ያለውን። ሁሌም አልተኛም። እጄ በላብ ይረጥባል። ስለማመድ ይብስብኛል፣ ለዚህ ነው የማልለማመደው።» ትንሽ ቆየና እንዲህ አለ፦ «ሰው ዝም ሲል ነው የምፈራው። ዝም ካሉ የጠሉኝ ይመስለኛል። ስለዚህ እሞላዋለሁ።»

ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል። እንደሚፈራ አላውቅም ነበር። ወሬው የፍርሃቱ መሸሸጊያ ነበር፤ እኔ ግን በራስ መተማመን ነው እያልኩ ስተረጉመው ኖሬያለሁ።

ከሰዓት ቁጥቧ ጋር ሄድኩ። በሁለተኛው ዙር ታቀርብ እንደሆነ ጠየቅኋት። «ለምን አልጠየቅከኝም መጀመሪያውኑ?» አለችኝ። ደንግጬ «የምትፈሪ መስሎኝ» አልኳት። የመለሰችልኝን ቃል በቃል ነው የማስታውሰው፦ «ሰው አልፈራም። ሰው ይደክመኛል እንጂ። ሁለቱ ይለያያሉ።»

ነገሩ ቆረቆረኝና የማክሮስኪን መጠይቅ ሁለቱም እንዲሞሉት ለመንኳቸው። በሁለት ሰው ምንም አይረጋገጥም፤ ጨዋታውን ለመክፈት ያህል ነው። በሕዝብ ፊት ንግግር ክፍል ላይ ፍርሃቱ ከፍ ብሎ የተገኘው የተግባቢው ነው። እሷ ከፍ ያለችው በቡድን ውይይት ላይ ነው። ይህ ሲታሰብ አይገርምም። ገለጻ ላይ ማን መቼ እንደሚናገር የታወቀ ነው፤ ማንም አያቋርጣትም፣ ርዕሱን የምታውቀው እሷ ናት፣ መዘጋጀት ትችላለች። የቡድን ወሬ ላይ ግን ሁሉም ይሻማል፤ እሷ ሐሳቧን ጨርሳ እስክታስብ ወሬው ሌላ ቦታ ደርሷል። ቁጥብ ሰው ስብሰባ ላይ ዝም ስላለ መድረክ ላይም አይችልም ማለት የሁለት የተለያየ ጨዋታ ውጤት መቀላቀል ነው።

ዝግጅቷ

ለማቅረብ ከመስማማቷ በፊት ሦስት ነገር ጠየቀች። ታዳሚዎቹ ሊጠይቁ የሚችሉትን ጥያቄ አብረን እንድንዘረዝር። ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ክፍሉ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ብቻዋን እንድትሆን። ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ ከኮሚቴው ጋር የመተዋወቂያ ጨዋታ እንዳይኖርባት። ሦስተኛውን ስትለኝ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ሰዎቹ ኩሩ ናት ይሏታል ብዬ። እሷ «ያለኝን እዚያ ከጨረስኩት ለመድረኩ ምን ይተርፈኛል?» አለች።

የሥነ ልቦና ሊቁ ሃንስ አይዘንክ እ.ኤ.አ. በ1967 ያቀረበው ሐሳብ እዚህ ላይ ይጠቅማል። የኢንትሮቨርት አእምሮ ከመነሻው ይበልጥ የነቃ ስለሆነ ድምፅ፣ ሰው፣ ግርግር ቶሎ ይበዛበታል፤ ኤክስትሮቨርት ደግሞ ለመንቃት ተጨማሪ ይፈልጋል የሚል ነው። በጊዜ ብዛት ሐሳቡ ተከራክረውበታል፣ ተስተካክሏልም። ያም ሆኖ ለእኛ ጉዳይ መሪ ሆነን። ተግባቢው ከመድረክ በፊት ከሰው ጋር ሲስቅ ይሞቃል። እሷ በዚያው ሳቅ ትዝላለች። አንድ ዓይነት ማሟሟቂያ ለሁለቱም ብናዝዝ አንዱን እንጎዳለን።

ልምምዱ ግን ያለ ችግር አልሄደም። የመጀመሪያ ሙከራዋ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደካማ ነበር። ፊቷን ወደ ስክሪኑ አዙራ አነበበች። ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ድምፅዋም አብሮ ያልቃል፤ ዋናው ቃል ደግሞ በአማርኛ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው! ግሱ ሲዋጥ ጸደቀ ይሁን አልጸደቀ አይሰማም። ስላይዶቹም በቁጥር ታጭቀው ነበር። «የቱን ላውጣ? ሁሉም ያስፈልጋል» ትላለች። ይሄ የቁጥብ ሰው ሁሉ ችግር ነው አልልም። የእሷ ግን ነበር። ጥልቅ ዝግጅቷ ራሱ ሸክም ሆኖባት ነበር።

የረዳት ተግባቢው ነው። እሱ ራሱ መጣ፤ እኔ አልጠራሁትም። ሦስተኛው ልምምድ ላይ ክፍሉ መጨረሻ ተቀመጠና ግሷ በተዋጠ ቁጥር ጠረጴዛውን አንዴ ቆንቆን ያደርጋል። ሌላ ቃል አይናገርም። መጀመሪያ ተናደደች። ኋላ ግን ቆንቆኑ እየቀነሰ ሄደ። የስድስት ጊዜዋን አመልካች ታሪክም ሰጣት። «አንቺ በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሪው፣ ያንስበታል ብለሽ አትጨነቂ» አላት። እሷ 16ቱን ስላይድ ወደ 9 ስታወርድ ደግሞ እሱ አጠገቧ ሆኖ «ይሄንን ማን ይጠይቅሻል?» እያለ ያስቀንሳታል። ጠያቂ ለሌለው ቁጥር አባሪ ሠራን።

ሁለተኛው ቀን

ያው ክፍል፣ ያው 12 ሰው። እሷ ግማሽ ሰዓት ቀድማ ገባች። በበሩ መስታወት አየኋት። አልተለማመደችም። ከፊት ወንበር ተነስታ ወደ ኋላ ወንበር ሄደች፣ ተቀመጠች፣ መድረኩን አየችው። ከዚያ ወደ ጎን። ከየወንበሩ መድረኩ ምን እንደሚመስል ታይ ነበር መሰለኝ።

አጀማመሯ የተግባቢውን ያህል አይደለም። ማንም ስልኩን አልደፋም። የአመልካቿን ታሪክ በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገረችው፤ ወዲያው ምክራችንን አስቀደመች። «የምንጠይቃችሁ ይህን ነው፤ ለምን እንደሆነ አሁን አሳያችኋለሁ።» ከኋላ አንድ ሰው «አልተሰማም» አለ። ድምጿን ከፍ ታደርጋለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ቀረበችና ዓረፍተ ነገሩን ደገመችው። ከዚያ በኋላ ያ ሰው ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ነው ያዳመጠ።

የዚያ ዕለት አዛውንት ጥያቄያቸውን ደገሙት። ቁጥሩን ነገረቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህ በዝርዝራችን ውስጥ የነበረ ጥያቄ ነው።

ሰብሳቢዋ ቀጠሉ፦ «ይህን ብንፈቅድ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራው አይብስም ወይ? ሰዉ አዲስ ነገር እስኪለምድ?» ይሄ ዝርዝራችን ላይ አልነበረም። ቁጥቧ ዝም አለች።

ዝምታው ስንት ሰከንድ እንደነበር አልለካሁም፤ ለእኔ የሞት ያህል ረዘመ። ወንበሬ ጫፍ ላይ ነበርኩ፤ አፌን ከፍቼ ልገባ ነው። ተግባቢው ክንዴን ያዘኝ። ዝምታ የሚያስፈራው ያ ሰው! እሷ ሰብሳቢዋን እያየች ነበር፤ ወለሉንም ጣሪያውንም አላየችም። ቀጥላ «ይብሳል» አለች። «የመጀመሪያው ወር ይብሳል። ስለዚህ በአንድ ክፍል እንጀምር ነው የምንለው። እዚያ ስንት ቀን እንደሚፈጅ አይተን ወደ ሌላው እንሂድ።» ሰብሳቢዋ ጻፉ። የጻፉትን ከሩቅ ማየት አልቻልኩም፤ ብዕራቸው ሲንቀሳቀስ ግን እንደጸደቀ ገባኝ።

ስለዚህ ዝምታ ብዙ አስቤያለሁ። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው ስንት እንደሚጠብቁ ስትለካ አንድ ሰከንድ ገደማ ሆኖ አገኘችው። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ የሚመልሱትም በዙ። ጥናቱ ስለ ክፍል ነው፤ ግን አንድ ሰከንድ ለማሰብ እንደማይበቃ ይነግረናል። ገለጻ ላይ የምናደንቀው የፈጠነ መልስ ነው። የዚያን ቀን ያሸነፈው የዘገየው ነው። ደግሞ ለሰብሳቢዋ ዝምታው የድንጋጤ አልመሰላቸውም። ጥያቄያቸው የተከበረ መስሏቸዋል። ኋላ ላይ ራሳቸው ነግረውኛል።

ደረጃው ላይ

ስብሰባው ሲበተን ሁሉም ሊያመሰግናት ፈለገ። የለችም። «አመማት እንዴ?» ተባለ። ፈልጌ ያገኘኋት ሰው በማይሄድበት የመጠባበቂያ ደረጃ ላይ ተቀምጣ፣ ራሷን ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ነው። «ደህና ነሽ?» አልኳት። ዓይኗን ሳትከፍት «አሪፍ ነበር አይደል?» አለች፤ እየሳቀች። ከዚያ «ሃያ ደቂቃ ስጠኝ» አለች።

ካናዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ብራያን ሊትል ራሱን በጣም ኢንትሮቨርት ነው ይላል። ሃርቫርድ አስተምሯል፤ አዳራሽ የሚያስቅና የሚያነቃ አስተማሪ ነበር። አንድ ወታደራዊ ኮሌጅ ሄዶ ንግግር ካደረገ በኋላ ሰው እንዳያገኘው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ይሸሸግ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ሰው ለሚወደው ጉዳይ ሲል ከተፈጥሮው ውጭ መሆን ይችላል፣ ግን ከዚያ በኋላ ማገገሚያ ጥግ ያስፈልገዋል ይላል። ደረጃው የቁጥቧ ማገገሚያ ጥግ ነበር።

ይህን ከማየቴ በፊት ልዩነቱን መድረኩ ላይ እፈልግ ነበር። አንዱ ጎበዝ፣ አንዱ ደካማ። ሁለቱን ሰዎች ከፊትና ከኋላ ስከታተል ያየሁት ሌላ ነው። 20 ደቂቃው ላይ ሁለቱም መልካም ሊሆኑ ይችላሉ፣ ሁለቱም ሊበላሹ ይችላሉ። የሚለያዩት በዋጋው ነው። እሱ የሚከፍለው ከመድረክ በፊት ባለው ሌሊት ነው፤ ሲያበቃ ሞቅ ብሎት ማታውን ከሰው ጋር መጫወት ይፈልጋል። እሷ በፊት ትተኛለች፤ የምትከፍለው ኋላ ነው። አለቃ ሆኜ እነዚህን ሁለት ሒሳቦች አላይም ነበር፤ ማንም በፕሮግራም ላይ አይጽፋቸውምና።

አዳራሹ

ከሁለት ሳምንት በኋላ ለ150 ያህል ሠራተኞች መናገር ነበረብን። እነዚህ ሥራው የሚለወጥባቸው ሰዎች ናቸው፤ የተከፉም አሉባቸው። ሁለቱ ተካፍለው እንዲያቀርቡት ወሰንን። ለተግባቢው ሁለት ነገር ብቻ አደረግን። መጀመሪያ፣ ፍርሃቱ እሱ እንደሚመስለው ለሰው እንደማይታይ ነገርነው። ይህ ማጽናኛ ብቻ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኬኔት ሳቪትስኪና ቶማስ ጊሎቪች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ሙከራ ተማሪዎች ንግግር ከማድረጋቸው በፊት ለአንዳንዶቹ «ጭንቀታችሁ ከምታስቡት ያነሰ ነው የሚታየው» ብለው አስረዷቸው። እነዚያ ከሌሎቹ የተሻለ ተናገሩ፤ ራሳቸውም አዳማጮችም እንዲሁ ብለው ፈረዱ። ሁለተኛው የልብ ምቱን ለማረጋጋት መታገሉን እንዲተው ነው። ተመራማሪዋ አሊሰን ዉድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣችው ጥናት ከንግግር በፊት «ጓጉቻለሁ» ያሉት «ተረጋግቻለሁ» ካሉት የበለጠ አሳማኝ ሆነው ተገኝተዋል። መድረክ ጀርባ ቆሞ «ጓጉቻለሁ፣ ጓጉቻለሁ» ሲል ሰማሁት። ሲያየኝ አላፈረም።

ልምምዱንም በሰዓት መቁጠሪያ አደረገው። ቁጥቧ ትክክለኛውን ደቂቃ ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጥታው ነበር፤ እዚህ ስላይድ ላይ በዚህ ደቂቃ ካልደረስክ ታሪኩን ቁረጥ የሚል።

አዳራሹ ውስጥ እሱ አበራ። አንድ ሰው ተነስቶ በቁጣ «ሥራ ልታበዙብን ነው!» ሲል ተግባቢው ከመድረኩ ወረደ፣ ሰውየው አጠገብ ሄደ፣ «እስቲ የትኛው ነው የሚበዛብህ?» ብሎ ማይኩን ሰጠው። ሰውየው ሲዘረዝር ቁጣው በረደ። ይህን ማድረግ የሚችለው እነዚያን ሰዎች በስም የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ቁጥቧ በዚያ ጫጫታ ውስጥ አልተሳካላትም። ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ሲጠይቋት ሐሳቧ ተቆረጠ፣ አንዱን ጥያቄ ጨርሳ ረሳችው፣ ድምፅዋም ተመለሰ ወደ ድሮው። ተግባቢው «አንድ በአንድ፣ እባካችሁ» ብሎ ተራ ሲያስይዝ ነው የተመለሰችው።

የመጀመሪያው ክፍል ሥራ ከጀመረ ወራት አልፈዋል። እሷ እንዳለችው የመጀመሪያው ወር ባሰ።

ባለፈው ሳምንት ሌላ ገለጻ መጣ። ቁጥቧን ጠየቅኋት። «ዘንድሮ ይበቃኛል፤ ጥያቄዎቹን ግን እኔ ልዘርዝር» አለች። «እሺ» አልኳት፤ ለምን አላልኩም። ማታ ላይ ስወጣ የስብሰባ ክፍሉ መብራት በርቷል። ተግባቢው ባዶ ወንበሮች ፊት ቆሞ፣ ሰዓት መቁጠሪያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ያዘጋጀችለትን ጥያቄ ከወረቀት ያነብባል። ካነበበ በኋላ ወዲያው አልመለሰም። ከንፈሩን ገጥሞ ይቆጥር ነበር።